ቶርኖ ላይ ብረቱ በደንብ እየተቆረጠ መሆኑን ከፍቅፋቂው፣ ከድምፁና ከጣት ማወቅ

የሚያብረቀርቅ ገጽ ሁሉ በደንብ የተቆረጠ ገጽ አይደለም። የደነዘዘ ስለት ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ገጽ ደግሞ ከቶርኖው (ብረቱን እያዞረ ከሚያስቆርጠው ማሽን) ላይ ሲታይ መስታወት ይመስላል። ባለንብረቱም ደስ ብሎት ይዞ ይሄዳል። ጉዱ የሚታየው ኋላ ነው። ኩሺኔታ (ቤሪንግ) የሚገባበት ሻፍት ከሆነ፣ ኩሺኔታው በፕሬስ ሲገባ በስሱ የተለሰነው ቆዳ ይተኛል ወይም ይላጣል፣ ጥብቀቱ ይቀንሳል፣ ሥራ ላይ ሲቆይም የውስጠኛው ቀለበት ሻፍቱ ላይ መዞር ይጀምራል። ማይክሮሜትር ግን ልኩን ትክክል ብሎ ነበር።

ገጹ የሚናገረው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ፍቅፋቂው (ብዙዎቻችን ቺፕስ የምንለው)፣ ድምፁና በእጀታው ላይ የሚሰማው ክብደት ግን ብረቱ ገና እየተቆረጠ ሳለ ይናገራሉ፤ ማስተካከል የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው። እዚህ የተጻፈው በእጅ በሚነዳ ቶርኖ፣ በእጅ በተሳለ የኤች ኤስ ኤስ (ሙቀት የሚችል ጠንካራ አረብ ብረት) ቱል፣ ማለትም መቁረጫ፣ እና በካርባይድ ኢንሰርት (ከመያዣው ላይ በሚቀየር በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁራጭ) ሲሠራ የሚታዩት ምልክቶች ምን ማለት እንደሆኑ ነው።

በእጅ መመርመር ሲባል የሚዞረውን ብረት መንካት ማለት አይደለም። ገጹ የሚዳሰሰው ስፒንድሉ (ዕቃውን የሚያዞረው ዘንግ) ቆሞ፣ ቱሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ፍቅፋቂ በባዶ እጅ አይነሳም፤ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ሰማያዊ ሆኖ የወጣው ደግሞ ያቃጥላል። ማሽኑን አቁማችሁ በመንጠቆ ወይም በቡሩሽ አንሱት። በሚዞር ቻክ (ዕቃውን በሚይዘው መንጋጋ) አጠገብ ጓንቲ አይደረግም፤ ጓንቲውን የያዘ ረጅም ፍቅፋቂ እጅን ጨምሮ ይስባል። በኮምፕሬሰር መንፋትም ስባሪውን ወደ ዓይን መላክ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳይደረግ ከዚህ በታች ያለው አንዱም አይሞከር።

ከሁሉ በፊት ቀለሙን እዩ። ብረት ሲቆረጥ ከሚፈጠረው ሙቀት አብዛኛውን ይዞ መሄድ ያለበት ፍቅፋቂው ነው። በኤች ኤስ ኤስ ያለ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ለስላሳ ብረት ስትቆርጡ ፍቅፋቂው ነጭ፣ ቢበዛ የገለባ ቢጫ ሆኖ መውጣት አለበት። ቡናማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ካደላ ስለቱ እየተቃጠለ ነው። ኤች ኤስ ኤስ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬው ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል። በካርባይድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ከገለባ ቢጫ እስከ ቀላል ሰማያዊ ጤነኛ ነው፤ ያለ ኩላንት እየቆረጣችሁ ጨርሶ ነጭ ሆኖ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ አንሷል። ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥቁር ሰማያዊ ከፍንጣሪ ጋር ከመጣ ግን ለካርባይዱም በዝቶበታል። ቀለሙ የሚወጣው ፍቅፋቂው ከስለቱ ተለይቶ አየር ሲያገኘው ስለሆነ፣ ስለቱ ጫፍ ላይ ሳለ ሳይሆን ትሪው ላይ ከወደቀ በኋላ ተመልከቱት።

ከቀለሙ ይልቅ የቀለሙ መለወጥ ይበልጥ ይጠቅማል። ዙሩን፣ ፊዱን (ቱሉ በአንድ ዙር የሚራመደውን ርቀት) እና ጥልቀቱን ሳትነኩ ተመሳሳይ ዕቃ እየደጋገማችሁ ስትሠሩ፣ በመጀመሪያው ዕቃ ላይ ገለባ ቢጫ የነበረው በስድስተኛው ላይ ሰማያዊ ከሆነ የተለወጠው ስለቱ ብቻ ነው። ገጹ ገና ደህና ቢመስልም ቱሉን አውጥታችሁ እዩት። ኩላንት የሚፈስ ከሆነ ቀለሙ ስለሚደበቅ፣ ለመመርመር ከመጀመሪያው ያለ ኩላንት ጀምሩ። መሃል ላይ ማጥፋትና ማብራት ግን አይሆንም፤ የጋለ ካርባይድ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ይህ የቀለም ነገር የሚሠራው ለአረብ ብረት ነው፤ ጊዛ (ካስት አይረን)፣ ናስና አሉሚኒየም በቀለም አይነበቡም።

ፍጥነቱን በግምት አትተዉት። በደቂቃ የሚያስፈልገው ዙር 318 ሲባዛ በመቁረጫው ፍጥነት (ሜትር በደቂቃ)፣ ሲካፈል ለዲያሜትሩ (ሚሊ ሜትር) ነው። በኤች ኤስ ኤስ ለለስላሳ ብረት ከ25 እስከ 30 ሜትር በደቂቃ፣ ለጊዛ 20 አካባቢ፣ ለማይዝግ ብረት ከ10 እስከ 15፣ ለናስ ከ45 እስከ 60፣ ለአሉሚኒየም ከ60 እስከ 90 ጥሩ መነሻ ነው። ሽፋን ያለው ካርባይድ ለለስላሳ ብረት 150 ይፈልጋል። ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር ሻፍት በኤች ኤስ ኤስ በ27 ሜትር ሲሰላ 215 ዙር ገደማ፣ በካርባይድ ደግሞ 1190 ዙር ገደማ ይሆናል። አሁን 12 ሚሊ ሜትር ፒን አስቡ፦ ካርባይዱ ወደ 4000 ዙር ይጠይቃል፣ በየጋራዡ ያሉት አሮጌ ቶርኖዎች ይህን አይሰጡም። ለዚህ ነው በቀጭን ዕቃ ላይ ውዱ ኢንሰርት የተቧጨረ ገጽ ሲያወጣ፣ በደንብ የተሳለ ኤች ኤስ ኤስ በ700 ዙር ንጹሕ ገጽ የሚያወጣው። ጥፋቱ የኢንሰርቱ ጥራት ሳይሆን ያልደረሰበት ፍጥነት ነው።

የፍቅፋቂው ቅርጽ ደግሞ ስለ ፊዱና ስለ ጥልቀቱ ይናገራል። ለአረብ ብረት የሚፈለገው 6 ወይም 9 ቁጥርን የመሰለ ቁራጭ፣ ወይም ጥቂት ዙር ተጠምዝዞ በራሱ የሚሰበር አጭር ጥቅልል ነው። እንደ ክር ልቃቂት እየተጠቀለለ ዕቃው ላይ የሚጠመጠመው ሁለት ጥፋት አለው፦ ለሰው አደገኛ ነው፣ የጨረሳችሁትንም ገጽ እየዞረ ይጭራል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፊዱ መሳሳቱ ወይም ጥልቀቱ ከቱሉ ጫፍ ራዲየስ ማነሱ ነው። ራዲየሱ 0.8 በሆነ ኢንሰርት ሻካራውን ስታነሱ በጎን ከ0.8 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥልቀት አትስጡት፤ ፊዱንም 0.1 ከሆነ ወደ 0.2 ወይም 0.25 አሳድጉት። የፊዱ ጣሪያ የራዲየሱ ግማሽ ነው። በእጅ በሚሳል ኤች ኤስ ኤስ ላይ ከስለቱ ጀርባ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና 0.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ደረጃ ብትስሉለት ፍቅፋቂው እዚያ ተጋጭቶ ይሰበራል። በተቃራኒው ፍቅፋቂው ተጨፍልቆ፣ ደቅቆ በኃይል የሚረጭ ከሆነ ፊዱ ፍቅፋቂውን ለሚሰብረው ደረጃ በዝቷል፤ ኢንሰርቱ ብዙም ሳይቆይ ከጫፉ ይፈረካከሳል።

ቅርጹን ያየ ሰው ውፍረቱንም ይለካ። ብዙ ሰው የማያደርገው፣ ግን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ቀጥ ያለ ጎን ባለው ቱል 0.2 ሚሊ ሜትር ፊድ ስትቆርጡ የፍቅፋቂው ውፍረት በማይክሮሜትር ከ0.4 እስከ 0.6 መሆኑ የተለመደ ነው፤ ብረቱ ሲቆረጥ ስለሚታመቅ ከፊዱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይወፍራል። አራት አምስት እጥፍ ከሆነ ስለቱ ደንዝዟል፣ ወይም የላይኛው ፊት ዘንበል አላለም፣ ወይም ፍጥነቱ ወርዷል። በሦስቱም ብረቱ ከመቆረጥ ይልቅ እየተገፋ ነው።

ከዚያ ፍቅፋቂውን ገልብጡት። ሁለት ፊት አለው። በስለቱ ላይ ተንሸራቶ የወጣው ሆዱ ለስላሳና የሚያበራ መሆን አለበት፤ ጀርባው ደብዛዛ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ነው። ሆዱ ላይ የተላጠ፣ የተቀደደ ወይም ቁርጥራጭ የተለጠፈበት ምልክት ካያችሁ ስለቱ ላይ ብረት ተጋግሯል። ይህ ሌባ ነው። በመቁረጫው ጫፍ ላይ የዕቃው ብረት ተበይዶ ሌላ ድንዙዝ ጫፍ ይሠራል፤ ጥቂት ያድግና ይሰበራል፣ ከስባሪው ገሚሱ ከፍቅፋቂው ጋር ይሄዳል፣ ገሚሱ ገጹ ላይ ይቀበራል። ገጹን በብርሃን ስታዩት ትናንሽ የሚያብለጨልጩ ጉብታዎችና የተቀደዱ ጭረቶች ታያላችሁ፤ ልኩም በአንድ ሻፍት ላይ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይህ መጋገር የሚብሰው ለስላሳ ብረት በካርባይድ ከ20 እስከ 60 ሜትር በደቂቃ አካባቢ ሲቆረጥ ነው። መድኃኒቱ ፍጥነቱን ከዚህ ክልል አልፎ ማሳደግ ነው። ፊሌት (የብሎን ጥርስ) ስትቆርጡ ማሳደግ ስለማይቻል ግን ወደ ታች ውረዱ፦ ቀርፋፋ ዙር፣ የተሳለ ኤች ኤስ ኤስና ቱሉ ባለፈ ቁጥር በቡሩሽ የሚቀባ የመቁረጫ ዘይት። የመኪና ሞተር ዘይት ከምንም ቢሻልም እዚህ ብዙ አይረዳም፤ የተሠራው እንዳይቆረጥ ለመከላከል ነውና።

ጊዛ ፍርፋሪ እንጂ ጥቅልል አይሰጥም፤ ደቃቅ ስባሪና ጥቁር ብናኝ ይሆናል። ደረቁን ይቆረጣል፣ ብናኙ ከኩላንት ጋር ተቀላቅሎ የማሽኑን መንሸራተቻ እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላልና፤ ስትጨርሱም ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡ። የመጀመሪያው ቁርጥ ከውጭኛው ቆዳ በታች መግባት አለበት፤ ቆዳው ላይ አሸዋና ጠንካራ ሽፋን ስላለ በ0.3 ሚሊ ሜትር ለመላጥ መሞከር ቱሉን ብቻ ይበላል፣ 1.5 ወይም 2 ስጡት። የፍሬን ታምቡር ስትላጡ በየዙሩ በአንድ ቦታ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና እዚያ ቦታ ላይ ከአካባቢው ከፍ ያለ፣ የሚያበራ ወይም ሰማያዊ ደሴት ካያችሁ፣ በፍሬን ሙቀት የጠነከረ ቦታ ነው። ኤች ኤስ ኤስ እሱ ላይ ይዘላል፤ ካርባይድ ያስፈልጋል፣ ከካርባይድ በኋላም ደሴቱ ከፍ ብሎ ከቀረ በግራይንደር ድንጋይ መሞረድ ነው።

ናስ ደቃቅ መርፌና ብናኝ ሆኖ ይረጫል፤ የላይኛው ፊቱ ወደ ኋላ የተዘነበለ ስለት ካገኘ ቱሉን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ስለዚህ ለናስ የላይኛው ፊት ዜሮ፣ ጠፍጣፋ ይሁን። አሉሚኒየም ተቃራኒው ነው፦ በጣም የተዘነበለና ፊቱ በዘይት ድንጋይ የተወለወለ ስለት ይፈልጋል፤ ነጭ ጋዝ በቡሩሽ ማስነካት ብረቱ ስለቱ ላይ እንዳይጋገር በጣም ይረዳል፣ ነገር ግን የጋለ የአረብ ብረት ፍቅፋቂ ካለበት ትሪ አጠገብ አይቀመጥ፣ ይነዳል። የማይዝግ ብረት የሚጠነክረው ሲታሽ ነው። ቱሉን ገጹ ላይ አቁማችሁ ካሳሻችሁት ያ ቦታ ይደድርና ቀጣዩን ዙር አያስገባም፤ ፊዱ ከ0.1 አይውረድ፣ ጥልቀቱም ባለፈው ዙር ከደደረው ቆዳ በታች ይሂድ።

ድምፅን በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ ሆኖም ጥሩ ቁርጥ አንድ ወጥ ድምፅ ነው፦ አዲስ አቡጄዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ሳይቋረጥ የሚሄድ ሽርታ። ቀጭን ፉጨት ከመጣ ስለቱ ብረቱን እያሸ ነው፣ ወይም ዕቃው እየተርገበገበ ነው። በየዙሩ የሚደጋገም ምት ዕቃው ክብ አለመሆኑን፣ ወይም ቆዳው ላይ ጠንካራ ቦታ መኖሩን ይነግራል። የሚያጓራ ወፍራም ድምፅ ሲሆን ቀበቶውንና የስፒንድሉን ኩሺኔታዎች አስቡ። በእጅ ፊድ ስትነዱ እጀታው በእኩል ክብደት መሄድ አለበት፤ ይዞ የሚለቅ ከሆነ ብረት እየተጋገረ እየተሰበረ ነው፣ ወይም የመንሸራተቻው ጊብ (ክፍተቱን የሚያጠብቀው ስስ ብረት) ላልቷል። ግራ እጃችሁን በማይንቀሳቀሰው የቴይልስቶክ (ዕቃውን ከሌላው ጫፍ የሚደግፈው ክፍል) አካል ላይ ብታሳርፉ ጆሮ ሳይሰማው የጀመረ መንቀጥቀጥ በመዳፍ ይታወቃል።

መንቀጥቀጡ ገጹ ላይ ምልክት ከተወ ግን ምንጩን ሳያውቁ መፍትሔ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዙር መቀነስ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ምክንያቱን ይደብቃል። ከዚያ ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን አቁሙ፣ በማርከር ዙሪያውን ጥቁር ቀቡ፣ በአንድ ሙሉ ዙሪያ ላይ ስንት የሞገድ ምልክት እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ ዙሩን ቀይራችሁ አጠገቡ ትንሽ ቁረጡና እንደገና ቁጠሩ። በ600 ዙር 20 ምልክት የነበረው በ800 ዙር ወደ 15 ከወረደ፣ ንዝረቱ የራሱ ቋሚ ምት አለው፦ በሴኮንድ 200 ጊዜ። ይህ የቱሉ ወይም የዕቃው መርገብገብ ነው። ቁጥሩ በሁለቱም ፍጥነት 20 ሆኖ ከቀረ ደግሞ ምንጩ ከስፒንድሉ ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው፦ የማርሽ ጥርስ፣ የኩሺኔታ ጉዳት፣ ወይም በደንብ ያልያዘ ቻክ። ሞተሩም የራሱ ቋሚ ምት ስላለው ከቱሉ መርገብገብ ጋር ሊምታታ ይችላል። እሱን ለመለየት ቱሉን አርቃችሁ ባዶውን አዙሩትና ሄድስቶኩን (ስፒንድሉን የያዘውን ክፍል) በመዳፍ ዳስሱ፤ ንዝረቱ ሳይቆረጥም ካለ ከሞተሩ ወይም ከቀበቶው ነው።

ቱሉ ወይም ዕቃው ሆኖ ከተገኘ የሚስተካከለው በቅደም ተከተል ነው። ቱሉ ከመያዣው የወጣበት ርዝመት ከራሱ ቁመት 1.5 እጥፍ አይብለጥ። ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚቆርጥ የብረት ባር ከዲያሜትሩ አራት እጥፍ በላይ ሲወጣ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ከቻክ የወጣ ዕቃ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ካለፈ በቴይልስቶክ ሴንተር ይደገፍ፤ አሥር እጥፍ ከሆነ መሃል ላይ ስቴዲ ሬስት ይፈልጋል። ከዚያ ጊቡን አጥብቁ፣ የማትጠቀሙበትን መንሸራተቻ ቆልፉ። እነዚህ ሁሉ ተሠርተው ካልጠፋ ብቻ ዙሩን በ20 ወይም በ30 በመቶ ቀንሱ፣ ፊዱንም ትንሽ ጨምሩ። ፊድ መጨመር ለብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ስለቱ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ሲይዝ ግን ይረጋጋል። ትልቅ የጫፍ ራዲየስ ለገጽ ጥሩ ቢሆንም በቀጭን ዕቃ ላይ ግፊቱን ወደ ጎን ስለሚያበዛ መንቀጥቀጥ ይጠራል፤ ለቀጭን ሻፍት ከ0.8 ይልቅ 0.4 ይሻላል።

አሁን ወደ ገጹ። ቆሞ፣ ተጠርጎ፣ ከዘይት ጸድቶ ይታያል። መብራቱ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ወደ ገጹ ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ቱሉ የተወው መስመር ያኔ ጥላ ይጥላል። የእጅ ባትሪ ይበቃል። መስመሮቹ እኩል ርቀት ያላቸው መሆን አለባቸው፣ ርቀታቸውም ፊዱ ነው፦ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ 10 መስመር ካለ ፊዱ 0.2 ነው። እኩል ካልሆኑ ፊድ የሚነዳው ማርሽ ወይም የካሬጁ (ቱሉን ተሸክሞ የሚሄደው ክፍል) ልልነት ይመርመር። ጥፍር የሚሄደው መስመሮቹን አቋርጦ ነው፣ በሻፍቱ ርዝመት። በመስመሮቹ አቅጣጫ መዳሰስ የትኛውንም ገጽ ለስላሳ ያስመስላል። አርኤ (የገጽ ሻካራነት መለኪያ) 6.3 ማይክሮን የሆነ ገጽ ጥፍርን በግልጽ ይይዛል፤ 3.2 ይሰማል፤ 1.6 ትኩረት ከሰጡት ብቻ ይሰማል፤ 0.8 ላይ ጥፍሩ ይንሸራተታል፣ ዓይን ግን መስመሩን ገና ያያል። የገጽ ማነጻጸሪያ ናሙና ካላችሁ በቶርኖ የተሠራውን በቶርኖ ናሙና ብቻ አነጻጽሩ፤ የተሞረደ ገጽ በጣት ሌላ ነው።

ፊዱና የጫፉ ራዲየስ ስንት ገጽ ሊሰጡ እንደሚችሉ አስቀድሞ ይሰላል። ፊዱ በራሱ ተባዝቶ፣ ለራዲየሱ 32 እጥፍ ሲካፈል ግምታዊው አርኤ ይወጣል። ፊድ 0.2 በራዲየስ 0.8 ሲሆን 1.6 ማይክሮን አካባቢ፣ ፊድ 0.1 በራዲየስ 0.4 ሲሆን 0.8 አካባቢ ነው። ጥፍራችሁ የሚነግራችሁ ከዚህ በጣም የከፋ ከሆነ ፊድ በመቀነስ አትድከሙ። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ብረት መጋገር፣ መንቀጥቀጥ ወይም የተፈረካከሰ ጫፍ። ከስሌቱ የተሻለ ሆኖ ካበራ ደግሞ በመግቢያው ያልነው መጨፍለቅ ይጠረጠር።

መጨፍለቁን ለመለየት ሁለት ቀላል ፈተና አለ። አንደኛው፣ ዳያሉን ሳትነኩ ቱሉን በዚያው ልክ እንደገና አሳልፉት። የተሳለ ስለት በሁለተኛው ዙር ምንም አያነሳም፣ ቢያነሳም ጭስ የመሰለ ብናኝ ነው። ደንዛዛው ግን እንደገና የሚጨበጥ ፍቅፋቂ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ሲገፋ የነበረው ብረት ነው። ሁለተኛው፣ ከዲያሜትሩ 0.50 እንዲነሳ አዛችሁ 0.44 ብቻ ከተነሳ ቱሉ እየተገፋ ሸሽቷል። ለዚህ ነው በካርባይድ ኢንሰርት 0.02 ልላጥ ብሎ መጨረስ የማይሆነው፤ የኢንሰርቱ ስለት ሆን ተብሎ በጥቂቱ የተድበለበለ ስለሆነ ያን ያህል ስስ አይነክስም። ለማጠናቀቂያ ከዲያሜትሩ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር አስቀሩለት።

ባዘቶ ጥጥም ይሠራል። ትንሽ ጥጥ በገጹ ላይ ቀስ ብላችሁ ስትጎትቱ፣ የተቀደደ ቦታና በጠርዝ የቀረ ሹል ትራፊ ክሩን ይይዛል፤ ጣት ያላገኘውን ያገኛል፣ ጣትም አይቆረጥም። ቱሉ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ የሚቀረው ትራፊ ስስ ሆኖ በጥፍር የሚረግፍ ከሆነ ስለቱ ደህና ነው፤ ወፍራምና የተቆለመመ ከሆነ ደንዝዟል።

ስለቱን ራሱን በመብራት ሥር አዟዙራችሁ እዩት። የተሳለ ስለት ጫፉ ላይ ብርሃን አይመልስም። ነጭ ክር የመሰለ መስመር ካበራ ያ መስመር የተበላው ቦታ ነው። በካርባይድ የጎኑ መበላት 0.3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ኢንሰርቱን አዙሩት፤ በአጉሊ መነጽር ይለካል። ቁመቱም ይታይ፦ ማሽኑ ቆሞ፣ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በቱሉ ጫፍና በክቡ ዕቃ መካከል በቀስታ አጣብቁ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ቱሉ ሴንተር ላይ ነው። የማስመሪያው ራስ ከእናንተ ወዲያ ከዘነበለ ቱሉ ከፍ ብሏል፣ ወደ እናንተ ከዘነበለ ዝቅ ብሏል። ከፍ ያለ ቱል በጎኑ ያሻል፣ ያበራል፣ አይቆርጥም።

ሙቀት ልክን ያታልላል። 50 ሚሊ ሜትር የአረብ ብረት ሻፍት ከክፍሉ በ40 ዲግሪ ከሞቀ በዲያሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ያብጣል፤ አሉሚኒየም ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ትኩስ ሳለ ልኩ ደረሰ ብላችሁ የጨረሳችሁት ሲቀዘቅዝ አንሶ ይገኛል፣ የኩሺኔታ ጥብቀት ደግሞ ከዚህ ያነሰ ልዩነት ነው። ማሽኑን አቁማችሁ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፤ አሳርፋችሁ መቆየት ካልቻላችሁ አትለኩ። የመጨረሻውን ዙር ዕቃው ቀዝቅዞ ብቻ ቁረጡ።

በፑንታ (መሰርሰሪያ) ስትሰረስሩ ከሁለቱ ቦይ እኩል ፍቅፋቂ መውጣት አለበት። ከአንዱ ብቻ ከወጣ ሁለቱ ከንፈሮች እኩል አልተሳሉም፣ ቀዳዳውም ከፑንታው ይሰፋል። ፍሬዛ (መቁረጫው ራሱ የሚዞርበት ማሽን) ላይ ደግሞ በትልቅ ፌስ ከተር (ብዙ ጥርስ ባለው ጠፍጣፋ መጥረጊያ) የተጠረገ ገጽ ላይ መስመሮቹ በሁለቱም አቅጣጫ ተሻግረው ከታዩ ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ዘንበል ብሏል። የመስመሮቹ ርቀት በየጥርሱ ሳይሆን በየዙሩ ከሆነ አንድ ጥርስ ብቻ ከፍ ብሎ ሁሉን ሥራ እየሠራ ነው።

ምናለሽ ተራ ከተገዛ አሮጌ አክስል ወይም ባልታወቀ ብረት ላይ ስትሠሩ ምልክቶቹ እንዳያሳስቷችሁ መጀመሪያ ብረቱን ለዩ። ደህና ሞረድ ጫፉ ላይ አስነኩት፤ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ቆዳው የጠነከረ ነው፣ ኤች ኤስ ኤስ አታባክኑበት። ግራይንደር ላይ አስነክታችሁ ፍንጣሪውን እዩ፦ ካርቦኑ ያነሰ ብረት ረጅምና ብዙም የማይበታተን መስመር ይሰጣል፣ ካርቦኑ የበዛ እንደ ርችት ይበታተናል፣ ጊዛ አጭርና ቀላ ያለ ነው፣ አሉሚኒየምና ናስ ፍንጣሪ የላቸውም። አሉሚኒየምን ግን በግራይንደር ድንጋይ አትሞርዱ፣ ድንጋዩን ይደፍነዋል።

ለሚደጋገም ሥራ ጥሩ የወጣበትን ፍቅፋቂ ሁለት ሦስቱን በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ካርድ ላይ ስፉት። ካርዱ ላይ የብረቱ ዓይነት፣ ዲያሜትሩ፣ ዙሩ፣ ፊዱ፣ ጥልቀቱ፣ የቱሉ ዓይነትና የጫፉ ራዲየስ፣ ኩላንት መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ሥራው ሲመለስ የመጀመሪያውን ፍቅፋቂ ከካርዱ ጋር አስተያዩ፤ ቀለሙ ወይም ጥቅልሉ ከተለየ ከተጻፉት አንዱን ብቻ ቀይሩና እንደገና እዩ፣ ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።